የአሥራ ሁለት ፔንስ ፀሐይ

ሴድሪክ ኦልድሮይድ በሃዝልደን መንደር ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤቴ ነው። አርባ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ድርጅት አገልግሏል፤ ዘጠኙን ዓመት በትኬት ቆራጭነት፣ የቀረውን ሠላሳ ሁለት ዓመት በትኬት ተቆጣጣሪነት። በጡረታ ሲሰናበት ድርጅቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሰዓቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ሴድሪክ ግን አላስጠገነውም፤ በየማለዳው በእጁ ያስተካክለዋል፣ እያስተካከለም ድርጅቱን ይሰድባል። ቢጠገን የሚሰድብበት ምክንያት ስለሚጠፋ ይመስለኛል።

ሰውየው ክፉ ነው ብዬ አልመሰክርበትም። ደግ ነው ብዬም አልምልለትም። የሚወደው ደንብ ነው። ዊኒፍሬድን ባገባ በሦስተኛው ወር፣ እርሷ ከገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ላይ ለቁጥጥር ወጣ። የቆረጠችው ትኬት እስከ ሱፍ ፋብሪካው ፌርማታ ብቻ የሚያደርስ ነበር፤ አውቶቡሱ ደግሞ ፋብሪካውን ካለፈ አንድ ደቂቃ ሆኖታል። ሴድሪክ እጁን ዘርግቶ እንደማያውቃት ሰው «ትኬት» አላት፤ ሰጠችው። አየው። ከዚያም ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፦ «ወይ ልዩነቱን ይክፈሉ፣ ወይ ይውረዱ» አላት። ቦርሳዋ ውስጥ የቀራት ሳንቲም ስላልበቃ ወረደች። ዝናብ ይጥል ነበር። አንድ ማይል ተኩል ድንች ተሸክማ በእግሯ መጣች። ስለዚያ ቀን ስታማርር እኔ አንድም ጊዜ አልሰማሁም፤ በእኔ ቦታ ሆኖ ሴቲቱን ለሚያውቃት ሰው ግን የሚያሠጋው ይህ ዝምታዋ ነበር።

ዊኒ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ለሁለት መቶ አርባ ልጆች ምሳ ስታሰላ ኖራለች፤ ከእጇ አንዲት ካሮት አትተርፍም፣ አንዲት አትጎድልም። ቤቱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። የመብራቱ ቢልም ከእናቷ ዘመን ጀምሮ በእርሷ ስም ይመጣል፤ የሚከፈለውም ከእርሷ ጡረታ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ሴድሪክ ልብ አላለውምና።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ሴድሪክ አሥራ ሁለት የሶላር ሰሌዳዎች በጣሪያው ላይ አስተከለ። ተርፎ ወደ መንገዱ ሽቦ ለሚወጣው መብራት ኩባንያው ለያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አሥራ ሁለት ፔንስ እንደሚከፍል በወረቀት ተጽፎለታል። ማታ ማታ ከመንገዱ ለሚገባው ደግሞ ያው ኩባንያ ሃያ ስምንት ፔንስ ያስከፍላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ለዚህ መንደር ከሰል በጀርባዬ ተሸክሜ ሸጫለሁ፤ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ከመሐል ምን እንደሚያስቀር ሳይነገረኝ አውቃለሁ። ሴድሪክን ግን የማረከው ሌላ ነገር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለኩባንያ ሲከፍል የኖረ ሰው፣ አሁን ኩባንያ ለእርሱ ሊከፍል ነው። በመጠጥ ቤቱ ተቀምጦ «እኛ አምራቾች» ማለት የጀመረው ሰሌዳዎቹ በተተከሉ በሁለተኛው ቀን ነው።

አምራች መሆኑን ኩባንያው እስኪያምን ድረስ አምስት ወር ፈጀ። ግድግዳችን አንድ ጡብ ብቻ ስለሆነ የስልክ ንግግሩን ሁሉ ሳልፈልግ ሰምቻለሁ።

«አቶ ኦልድሮይድ፣ የመላኪያ ቁጥር የለዎትም» ትለዋለች የኩባንያው ስልክ መላሽ፤ ሴድሪክ ጆሮው ስለከበደ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያዳምጠው።

«ቁጥርማ አለኝ። ይኸው ቆጣሪው ላይ ተጽፏል።»

«እሱ የመቀበያ ቁጥር ነው። ከቤትዎ የሚወጣው የሚቆጠርበት ሌላ ነው።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«የሽቦው ባለቤት።»

«የሽቦው ባለቤት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«አይ፣ እኛ መብራት ሻጮች ነን።»

«ሽቦ ሳይኖራችሁ መብራቱን በምን ታመጡታላችሁ? በባልዲ?»

በዚህ ጊዜ ሙዚቃ ይለቁበታል። የሽቦው ባለቤት በበኩሉ ቁጥሩን መጠየቅ ያለበት ሻጩ ነው አለ። ሻጩ ከመጠየቁ በፊት የሰሌዳ ተካዩን ማረጋገጫ ላክ አለ። ማረጋገጫው ሲላክ የቤት ቁጥሩ በዐሥራ አራት ፈንታ አርባ አንድ ተብሎ ተጽፎ ተገኘ፤ በመንገዳችን ያለው ቤት ሃያ ስድስት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ወሩ ከመጋቢት ወደ ነሐሴ ተሻገረ፤ የዓመቱ ምርጥ ፀሐይ ከጣሪያው ወርዳ በሽቦው እየተጓዘች ለኩባንያው በነፃ ገባች። ኩባንያው ቁጥር ላልተሰጠው መብራት አይከፍልም፤ መቀበሉን ግን ይቀበላል።

በመጨረሻ አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ። ቤቱ የሴድሪክ ስላልሆነ የጣሪያው ባለቤት መፍቀድ ነበረባት። ዊኒ ማርማላታ እያፈላች ሳለ ወረቀቱን አቀረበላት። ሙሉውን አነበበችው፤ እርሷ ያላነበበችውን አትፈርምም። «የጣሪያው ባለቤት እንደ መሆኔ፣ ፈቃዴን በጽሑፍ እስካነሣ ድረስ ክፍያው ለአቶ ሴድሪክ ኦልድሮይድ እንዲገባ ፈቅጃለሁ» ይላል። ፈረመች። ግልባጩ ላይ የአውራ ጣቷ የእንጆሪ አሻራ ቀይ ሆኖ ቀረ። ግልባጩን በማእድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

የመጀመሪያው ክፍያ በኅዳር መጨረሻ በሴድሪክ የባንክ ደብተር ገባ፤ ስልሳ ስምንት ፓውንድ ከአርባ ፔንስ። ደብተሩን ለፖስታ አመላላሹ አሳየ፣ ለቄሱ አሳየ፣ ለእኔ ሦስት ጊዜ አሳየኝ።

«ስንት ነው ያልኩህ፣ አምብሮዝ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ከአርባ ፔንስ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ፀሐይ እያለች መብራት መጠቀም እንደ ስርቆት ይቆጠር ጀመር። እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አሥራ ሁለት ፔንስ ነውና ለኩባንያው መድረስ አለበት። ልብስ ማጠቢያው ከመሸ በኋላ በእኔ የራስጌ ግድግዳ በኩል ያጓራል። ውኃ ጎህ ሳይቀድ ይፈላና በሦስት ፔርሙዝ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሻይ የሚጠጣው ከዚያ ነው። በቀዘቀዘ ውኃ የቀረበ ሻይ በእኛ አገር ሰው ሳይሰደብ የሚሰደብበት ነገር ነው። ቄሱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋቸው መጥተው አንድ ጊዜ ፉት አሉና፣ ስኒውን በቀስታ መልሰው «አየሩ ጥሩ ነው» አሉ፤ ከዚያም እስከ ትንሣኤ አልተመለሱም።

የሲጋራ ፓኮ የምታህል ስክሪን በማእድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። የሚወጣውን በአረንጓዴ፣ የሚገባውን በቀይ ታሳያለች። ሴድሪክ ፀሐይ ጣሪያውን እንደነካች ቤቱን እየዞረ ይፈትሻል፤ ራዲዮውን ይነቅላል፣ በመጨረሻም ምድጃው የሚበራበትንና የሚጠፋበትን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ቀይ ማብሪያ ጧ አድርጎ ያጠፋል። የተጠቀመ ሰው ኖረም አልኖረም ያጠፋዋል። ያችን ጧ የምትል ድምፅ ሰምቼ ነው እኔ የምነሣው።

አሁን ወደ ዋንጫው ልምጣ።

መንደራችን በነሐሴ ሁለተኛ ቅዳሜ ትርዒት አለው። ሽንኩርት ይለካል፣ ድንች ይመዘናል፣ አበባ ይታያል፤ ሰው የሚጣላው ግን በኬክ ነው። ኬኩ ሁለት ድርብ ሆኖ መሐሉ የቀይ እንጆሪ ማርማላታ ብቻ ይቀባል፤ ሌላ የቀባ ይሰረዛል። ለአሸናፊው የሚሰጠው የብር ዋንጫ ላይ የዊኒ እናት ስም ሦስት ቦታ ተቀርጿል። ስድስቱን የቅርብ ዓመታት ግን ያሸነፉት ወይዘሮ ሙሪየል ባራክለፍ ናቸው፤ ዊኒ ስድስቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጥታለች። ሰባት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ዋንጫውን ለዘለዓለም እንዲወስድ ደንቡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዘንድሮ ወይዘሮ ባራክለፍ ካሸነፉ፣ የዊኒ እናት ስም በወይዘሮ ባራክለፍ የእሳት ዳር መደርደሪያ ላይ፣ ከሸክላ ውሻቸው አጠገብ ሊቀመጥ ነው። ወይዘሮዋም ይህን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለዊኒ በትሕትና አስታውሰዋታል።

«ስለ እናትዎ ስም አይጨነቁ፣ ወይዘሮ ኦልድሮይድ። በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ዊኒ። «እስቲ መጀመሪያ ይውሰዱት።»

ዳኛው ለሠራዊት ዳቦ ሲጋግር የኖረ አቶ ሆስኪን የሚባል ሰው ነው። ኬኩን በአንድ ጣት ይጫነዋል፣ ያሸተዋል፤ ያደረ ከሆነ ካርዱ ላይ «የትናንት» ብሎ ጽፎ ያልፈዋል። ስለዚህ ኬኩ በዕለቱ ማለዳ፣ በተወዳዳሪው በራሱ ማእድ ቤት መጋገር አለበት፤ ይህንንም ተወዳዳሪው በቅጽ ላይ ይፈርማል። ዕቃው የሚገባው እስከ አምስት ሰዓት ነው።

በትርዒቱ ሳምንት በግድግዳው በኩል የሰማሁት ድርድር እንዲህ ነበር።

«ማታ ጋግሪው።»

«ያውቃል፣ ሴድሪክ። በጣቱ ያውቃል።»

«በጣቱ! እኔ ደግሞ በስክሪን አውቃለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ፀሐይ ነው ብለዋል።»

«አንድ ኬክ ነው።»

«አንድ ኬክ ይባላል፣ ከዚያ አንድ ስኒ ሻይ ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም ሰው በነፃ ይሳፈራል።»

በመጨረሻ እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ተፈቀደላት። ፀሐይ ከኮረብታው አልፋ ጣሪያውን የምትነካው በአንድ ሰዓት ግድም ነውና፣ ከዚያ በፊት ምድጃው መጥፋት አለበት ተባለ። ሴድሪክ ይህን ትልቅ ቸርነት አድርጎ ቆጠረው።

ቅዳሜ ዊኒ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣች። ቅቤው ከመመታቱ በፊት መለስለስ ስላለበት ከማታ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ትታው ነበር። ባዶ ሳህን አገኘች። ሴድሪክ ከመተኛቱ በፊት ቅቤውን ማቀዝቀዣ ውስጥ መልሶት ኖሯል፤ ቅቤው የቀዘቀዘው በሃያ ስምንት ፔንስ መብራት ስለሆነ ቅዝቃዜው በከንቱ እንዳይባክን ነው። ዊኒ ድንጋይ የሆነ ቅቤ በሁለት መዳፏ ይዛ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። እንቁላሉን ከእነ ቅርፊቱ መዘነች፣ ቅቤውን፣ ስኳሩንና ዱቄቱን በዚያው ልክ አደረገች። ኬኩ ምድጃ የገባው ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ብታሳልፍ የሚታገሣት መስሏት፣ ለትርዒቱ ልብሷን ልትቀይር ወደ ላይ ወጣች።

አንድ ሰዓት ሲሆን ያችን ጧ የምትል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎም የምድጃ በር ሲከፈት።

 ከዚያ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመታ። እኔና ዊኒ ሦስት ጊዜ ስንመታ እንቁላል ማለት ነው፤ ዶሮ የማረባው እኔ ነኝና። አራት እንቁላል በቆቤ ይዤ ገባሁ።

ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰው የተቀመጠበት ባርኔጣ መስሎ መሐሉ ሰርጉዷል። ሴድሪክ በሌሊት ልብሱ ላይ የድሮውን የተቆጣጣሪ ኮት ደርቦ፣ ጀርባውን ለቀዩ ማብሪያ ሰጥቶ ቆሟል።

«ማጥፋቱንስ አጠፋኸው» ትለዋለች ዊኒ። «በሩን ለምን ከፈትከው?»

«መጥፋቱን ላረጋግጥ። ሥራዬን ሁለት ጊዜ ነው የምሠራው።»

«የእኔንም ሁለት ጊዜ አደረግኸው።»

«አንድ ሰዓት ተባብለናል። ሰዓቱን ተመልከቺ።»

«ያ ሰዓት መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል?»

«ዛሬ አስተካክዬዋለሁ» አለ ሴድሪክ፤ በእውነትም አስተካክሎታል።

እኔ ነገሩን ለማብረድ ብዬ፦ «የኔ ምድጃ ባዶ ነው፣ ዊኒ። ግድግዳውም አንድ ነው፤ ማን ያያል?» አልኋት።

«ቅጹ ላይ በራሴ ማእድ ቤት ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ልክ ነች» አለ ሴድሪክ። «ደንብ ነው።»

በዚያች ቅጽበት በመካከላቸው የነበረው ብቸኛ ስምምነት ይህ ነበር።

«እንግዲያው ከማብሪያው ዘወር በልልኝ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ዊኒ አንድን ሰው የኔ ጌታ ካለችው ወጥ ቤቷ ውስጥ ሳህን የሰበረ ማለት ነው።

«ፀሐይ ወጥታለች። አሁን መላክ ጀምሬያለሁ። አየሽ አረንጓዴውን? ምድጃውን ብታበሪው ዜሮ ይሆናል።»

«ይሁን።»

«አሥራ ሁለት ፔንስ ነው!»

«በአሥራ ሁለት ፔንስ የእናቴን ስም ለሙሪየል ባራክለፍ ልሽጥላት?»

«ማታ ጋግሪው ብዬሽ ነበር።»

«ማታ ስንት ነው የሚያስከፍሉን?»

«እሱ ሌላ ሒሳብ ነው።»

«ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት። ሌላ ሒሳብ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ማን ነው የሚከፍለው?»

ሴድሪክ ስክሪኗን አየ። መልስ የምትሰጠው መስሎት ነው።

ዊኒ ወደ እኔ ዞረች። «አምብሮዝ፣ አንተ ያን ሁሉ ዘመን ከሰል ስትሸጥ፣ ቀን በአሥራ ሁለት የሸጥከውን ከሰል ማታ በሃያ ስምንት መልሰህ ገዝተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኋት። «ዋጋውን የሚከፍልልኝ ሌላ ሰው ቢኖር ግን ምናልባት።»

ይህን በማለቴ ሴድሪክ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ያኮርፈኛል።

«ይኸው ነው» አለች ዊኒ። «አሥራ ሁለቱ ባንተ ደብተር ይገባል። ሃያ ስምንቱ ከእኔ ጡረታ ይወጣል። ኩባንያው ደግሞ መሐል ቆሞ አሥራ ስድስቱን ይይዛል። ከሦስታችን መካከል ቀዝቃዛ ሻይ የምትጠጣው ማን ናት?»

«እኔም እጠጣለሁ» አለ ሴድሪክ። ይህ እውነት ነው፤ ይጠጣ ነበር። አንጎሉ ውስጥ ግን ነገሩ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በአንድ ሒሳብ ላይ ተደምሮ አያውቅም። የገባውን ያየዋል፤ የሚወጣው በሌላ ሰው ስም በተጻፈ ፖስታ ስለሚመጣ አይከፍተውም። የሌላ ሰው ደብዳቤ መክፈት ከደንብ ውጪ ነውና።

ቢሆንም ከማብሪያው አልተነሣም። ክርክሩ የገባው ሰው ሁሉ ከቦታው አይነሣም፤ በተለይ ኮት ከደረበ።

ያን ጊዜ ዊኒ መሳቢያውን ከፈተች። የእንጆሪ አሻራ ያለበትን ወረቀት አወጣችና በአንድ እጇ ያዘችው። ሌላውን እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን ወደ ላይ፣ ሁለት ጣቷን ትንሽ አጠፍ አድርጋ። ያን አኳኋን በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ በአውቶቡስ የሄደ የመንደራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ትኬት» አለችው።

«ምን?»

«ትኬትዎን ያሳዩኝ። በዚህ ጣሪያ የተሳፈሩበትን።»

«ዊኒ፣ አትቀልጂ።»

«ትኬትዎ ይኸውና። የቆረጥኩልዎ እኔ ነኝ፤ በጽሑፍ እስካነሣው ድረስ ይላል። እርሳሱ መሳቢያው ውስጥ አለ። ከፌርማታዎ አልፈዋል፣ አቶ ኦልድሮይድ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወይ ልዩነቱን ይክፈሉ፣ ወይ ይውረዱ።»

ሴድሪክ ፊቱ እንደ ድሮ ትኬቶቹ ሐመር ሆነ። ያን ዝናብ እኔም አስታወስሁት፤ እርሱ እንዳስታወሰው ደግሞ ከዓይኑ አየሁ። ትኬት የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮቱን ቆለፈ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፣ ከማብሪያው ወረደ።

ዊኒ አበራችው።

ሁለተኛው ኬክ ልክ በሁለት ሰዓት ምድጃ ገባ። ገብቶ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው፣ ትንበያው ያልጠቀሰው አንድ ትልቅ ደመና ከኮረብታው በላይ መጥቶ ጣሪያችን ላይ ቆመ። ስክሪኗ ቀይ ሆነች። እንግዲህ ያ ኬክ በአሥራ ሁለት ሳይሆን በሃያ ስምንት ፔንስ ሊጋገር ነው። ሴድሪክ በመስኮት ደመናውን ተመለከተ፤ ደመናው ትኬት እንደሌለው በግልጽ ይታይ ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዊኒ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ መታ መታ አደረገችው፤ ከንፈሩ ተመልሶ ተዘጋ። ሃያ አምስቱን ደቂቃ ከምድጃው በር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው።

ኬኩ ወጣ፤ ደረቱን ነፍቷል። ማርማላታ በሞቀ ኬክ ላይ ከተቀባ ይፈስሳልና እስከ አራት ሰዓት ይቀዝቅዝ ተብሎ ተተወ። ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ጠበቅን፤ ሴድሪክ እንኳ በካርቶን ያራግብለት ነበር፤ በእጁ፣ ያለ መብራት። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገባን።

እኔ በዚያ ድንኳን ሳህን አመላላሽ ነኝ፤ ዳኛ ሲዳኝ አፌን መዝጋት ግዴታዬ ነው፤ ዓይኔን የመዝጋት ግዴታ ግን የለብኝም። ዳኛ አምኜ ስለማላውቅ አቶ ሆስኪንን ከጣቱ እስከ አፍንጫው ተከታተልሁት። የወይዘሮ ባራክለፍን ኬክ ተጫነ፣ አሸተተ፣ ጎንበስ ብሎ ላዩን አየ። ከምድጃ ወጥቶ የበረደበት የሽቦ መደብ ሁለት መስመር ትቶበታል። ጻፈ። የዊኒን ተጫነ። ኬኩ ተመልሶ ተነሣ። አንዴ ደግሞ ተጫነው፤ ደግሞ ተነሣ። ሳያስፈልገው ሦስተኛ ጊዜ ሲጫነው ጥርጣሬዬ ጨመረ፤ ቆይቶ ግን ደስ ብሎት እንደሆነ ገባኝ።

ካርዶቹ ሲገለበጡ ዊኒ ከሃያ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ወይዘሮ ባራክለፍ ዐሥራ ስምንት ተኩል ነበሩ።

ወይዘሮዋ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወይዘሮ ኦልድሮይድ» አሉ። «ዘንድሮ ምድጃዎ ደኅና ሙቀት ያገኘ ይመስላል።»

«አዎን» አለች ዊኒ። «በሩ ተዘግቶ ስለጋገርሁት ነው።»

ሴድሪክን ፈለግሁት። በድንኳኑ በር ቆሞ ለቄሱ እየነገራቸው ነበር። «እኛ አምራቾች» ይላቸዋል፣ «በራሳችን ፀሐይ ነው የጋገርነው።» ደመናውን አልጠቀሰም። በሩን መክፈቱንም አልጠቀሰም። ቄሱ አየሩ ጥሩ ነው አሉት።

አሁን በኦልድሮይድ ቤት ውኃ በቀትር ይፈላል። በግድግዳው በኩል ሲንተከተክ እሰማዋለሁ፤ ቄሱም ሰምተው ኖሮ በየሳምንቱ መምጣት ጀምረዋል። የነሐሴው ክፍያ ከወትሮው አነሰ፤ የዊኒ ቢል ደግሞ ክፍያው ካነሰበት መጠን ከእጥፍ በላይ ቀነሰ። ሴድሪክ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ሁለት ቀን መረመራቸው። አንድ ቦታ ላይ ማጭበርበር እንዳለ እርግጠኛ ነው፤ የትኛው ላይ እንደሆነ ግን እስካሁን አላገኘውም።

ዋንጫው የተቀመጠው በማእድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ልክ ከስክሪኗ ፊት ለፊት ነው። አረንጓዴና ቀዩን ማየት የፈለገ ሰው ዋንጫውን ማንሣት አለበት፤ ብር ደግሞ በባዶ ጣት አይነካም፣ ዊኒ ከልክላለች። ፈቃዱን አላነሣችውም፤ አሥራ ሁለቱ ፔንስ አሁንም በሴድሪክ ደብተር ይገባል። ወረቀቱ ግን ከመሳቢያው ወጥቷል። አራት ተጣጥፎ፣ የእንጆሪው አሻራ ወደ ላይ ሆኖ፣ ዋንጫው ውስጥ ተቀምጧል። ሴድሪክ ፀሐይ ጣሪያውን በነካች ቁጥር እስከ ዛሬ ተነሥቶ ወደ ቀዩ ማብሪያ ይሄዳል። ያችን ጧ የምትል ድምፅ እጠብቃለሁ። አትመጣም። እኔም አሁን አሁን አርፍጄ ነው የምነሣው።